የተራረፈ አለላ

ጳጉሜን 2። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንዳኮረፈ ነው። ከበረንዳው የሚታየው የጣፎ ሜዳ ግማሹ ጉም፣ ግማሹ ብሎኬት። እንዲህ ባለ ቀን የልብ ነገር አይታወቅም፤ ዝም ብሎ ይከፋል። ለዘመን መለወጫ ቤት ላጸዳ ተነስቼ ከአልጋው ሥር የአለላው፣ ማለትም ለሌማትና ለመሶብ ስፌት በቀለም የተነከረው የስንደዶ ሣር፣ ከረጢት ወጣ። ከዚህ በፊት ከተሰፉት ሌማቶች የተረፈ ሐምራዊ፣ ጭብጥ የማይሞላ አረንጓዴ፣ ፀሐይ የነካው ቢጫ፣ ያልተነከረ ነጭ ስንደዶ ደግሞ በብዛት። ይጣል ወይስ ይቀመጥ ብዬ ከረጢቱን ፈታሁት።

ትርፍ አለላ ለትርፍ ወር ይስማማል። ጳጉሜን ዓመቱን ለመሙላት የተጨመረች 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ 6። ደመወዝ አይቆረጥላትም። በእሷ የሚሰፋ ነገርም ለማንም ባይታዘዝ ደስ ይላል።

የታዘዘ ሥራ ሌላ ነው። መሶብ ሲታዘዝ ቀለሙ ይነገራል፣ ቁመቱ ይነገራል፣ ሐረጉ ተቆጥሮ ይገባል፣ አንድ ስፌት ሲዛነፍ ዙሩ ሁሉ ይፈታል። የዛሬው ዓይነት ስፌት ግን እጅ ወደ ከረጢቱ ሳያይ ገብቶ ያወጣውን የሚሰፋበት ነው። ሐምራዊ ከወጣ ሐምራዊ። በዙሩ መሃል ካለቀ ይለቅ፣ ዙሩን ለመጨረስ ተብሎ ሌላ ሐምራዊ አይፈለግም። ይህን ሲሰሙ «እንዲያው የመጣለትን ከሆነማ ማን ያቅተዋል» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀለሙ እንዲጫወት ከሥሩ ያለው ሣር፣ አክርማው፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ አክርማው ከላላ የሚታየው ጨዋታው ሳይሆን መላላቱ ነው።

አክርማ ውስጡን ይሞላል፣ ስንደዶ ላዩን ይጠመጠማል። አክርማው ጣት ላይ ሲጠመዘዝ ሳይሰበር እስኪለዝብ ድረስ ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ በላይ ግን አይደር። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሣር ውሃ ይጠግብና ያብጣል፤ ባበጠበት ተሰፍቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጠብቆ የነበረው ስፌት በሳምንቱ ጣት ያስገባል። አለላው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚፈልገው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

እምብርቱ ላይ፣ ስፌቱ በሚጀመርበት መሃል፣ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። በወፍራም የአክርማ እስር ስለሚጀምሩ ነው፤ ወፍራም እስር አይታጠፍም፣ ሲያስገድዱት ይሰበራል፣ መሃሉ ላይም ቀዳዳ ይቀራል። በ5 ወይም በ6 ዘንግ አክርማ ይጀመር፣ ጫፋቸው አንድ ላይ እኩል ከመሆን ይልቅ ከፍ ዝቅ ይበል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ይጠቅለልና የመጀመሪያው ስፌት በመሃሉ አልፎ ይጥበቅ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አንድ አንድ ዘንግ እየተጨመረ ይወፍራል። የሚጨመረው በእስሩ መሃል ተሰክቶ ነው፤ ሁለት ሦስት አንድ ቦታ ላይ ከተጨመረ እባጭ ይሆናል፣ ያ እባጭ ደግሞ በሚቀጥሉት ዙሮች ሁሉ እየተከተለ ይታያል። ውፍረቱን ለመጠበቅ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ እስሩን በውስጡ ማሳለፍ ነው። ስትሮው በራሱ መንሸራተት ሲጀምር ዘንግ የመጨመሪያ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

መውጊያው ወስፌ እንደ መርፌ ክር ማስገቢያ የለውም። ይወጋል፣ ይወጣል፣ ቀዳዳው ሳይዘጋ የአለላው ጫፍ ይከተላል። ስለዚህ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ ሹል መሆን አለበት፤ ሲለሰልስና ሲከፋፈል ደግሞ እንደገና ይቆረጣል። የሚወጋው የታችኛው ዙር አክርማ ነው፣ በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለው ክፍተት አይደለም። ሲወጋም ከታች ባሉት ሁለት ስፌቶች መካከል ገብቶ ነው፤ አለላውን ሰንጥቆ ካለፈ ዛሬ ባይበጠስ ነገ ይበጠሳል። ለመቀጠል ያለቀው ጫፍ በአክርማው ላይ ይተኛል፣ አዲሱም ከጎኑ ይተኛል፣ ቀጣዮቹ ስፌቶች ሁለቱንም ይሸፍኗቸዋል። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም።

ስንቱ ነው ጠፍጣፋ ልስፋ ብሎ ጀምሮ ጎድጓዳ የወጣለት! እጁ ጥፋት የለበትም፣ ቁጥሩ ነው። እስሩ 5 ሚሊ ሜትር ቢወፍር እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ዙር በ31 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጭማሪው ያው ነው። አንዱ ስፌት 3 ሚሊ ሜትር ከያዘ ታዲያ በየዙሩ 10 ያህል ስፌት መጨመር አለበት። 6 ብቻ ከተጨመረና እያንዳንዱ ስፌት ከጠበቀ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ 14 ከሆነ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይጣጠፋል። ጭማሪ ማለት ከታች ባለ አንድ ስፌት አናት ላይ ሁለት መስፋት ነው። 10ሩም በአንድ ቦታ ከተከማቹ ክቡ ክብነቱን ያጣል፤ በየዙሩ ቦታ እየቀያየሩ መበተን ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሙዳይ መቀመጫ፣ ታችኛው ክብ፣ 12 ዙር ይሆናል፣ በውስጡም 2 ሜትር ከሩብ ያህል እስርና 750 ያህል ስፌት አለ። አንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ከ6 ሰዓት በላይ ነው። 6 ሰዓት! እጅ ግን አያውቀውም። ከ30ኛው ስፌት በኋላ መቁጠሩ ራሱ ከአፍ ወደ ጣት ይወርዳል፣ ዓይን ነፃ ይወጣል። ዓይን ነፃ ሲወጣ ነው ቢጫው ከሐምራዊው ጎን ምን እንደሚያደርግ የሚያየው።

የሙዳዩ ግድግዳ ሲጀመር ጭማሪው ይቆማል። እዚህ ላይ ሌላ ደስታ አለ። አንድ ዙር 60 ስፌት ይያዝ እንበል። 7 ነጭ፣ 3 ሐምራዊ፣ 7 ነጭ፣ 3 ሐምራዊ እያሉ ቢሄዱ 60 ለ10 እኩል ስለሚካፈል ሐምራዊው ከሐምራዊው በላይ እያረፈ እንደ ምሰሶ ይቆማል። አሁን አንዲት ስፌት ብቻ ትጨመር፣ 61 ትሁን። ያው 7 እና 3፣ ምንም ሳይቀየር፣ በየዙሩ አንድ ስፌት እየሸሸ ምሰሶው ያዘነብላል፣ ሙዳዩን እንደ ሐረግ እየዞረ ይወጣል። 59 ከሆነ ወደ ሌላው ጎን። ንድፍ ያወጣ ሰው የለም፣ አንዲት ስፌት ናት ያወጣችው። ይህን አስቀድሞ ከመሣል ይልቅ ሰፍቶ ማየት ምን ያህል እንደሚጥም ላልሰፋ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ቀለም ያነሰው ሰው ደግሞ ወደ ማድ ቤት ይግባ። ከመርካቶ የሚገዛው የዱቄት ቀለም ደማቅ ነው፣ እወደዋለሁም፤ ግን ብናኙ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ አፍ ተሸፍኖ፣ ለወጥ በማይመለስ ድስት ነው የሚነከርበት። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ግን የሚጣል ነገር ነው። ድስቱ ጢም እስኪል ሞልቶ፣ ውሃ ሸፍኖት፣ ለ1 ሰዓት በቀስታ ቢፈላ፣ ተጣርቶ ስንደዶው ቢገባበት ከቢጫ እስከ ቡናማ ይሰጣል። የሻይ ቅጠል ብቻውን ቡናማ ነው፤ በኮምጣጤ ውስጥ የሰነበተ የዛገ ሚስማር ውሃው ሲጨመርበት ወደ ግራጫና ጥቁር ይዞራል። ሚስማሩ ሲበዛ ግን ሣሩን ስለሚያደርቀው በደንብ መታጠብ አለበት። ልጆችን የሚያስቀው እርድ ነው። በእርድ ቢጫ የሆነ ስንደዶ የአመድ ውሃ ጠብ ሲልበት ይቀላል፣ ሎሚ ሲነካው ቢጫነቱ ይመለሳል። ለዘለቄታው ግን እርድ አይታመንም፤ መስኮት ዳር ከተቀመጠ በጥቂት ወር ይገረጣል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፀሐይ የነካው ቢጫም የእርድ ነው። እኔ የገረጣውን እመርጣለሁ፤ ከአዲስ ሐምራዊ ጎን ሲገባ ሐምራዊው ረጋ ይላል።

የተነከረው እስኪጠራ ድረስ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በደንብ ያልታጠበ ቀይ ሲሰፋ የእጅ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል፣ ጎረቤቱን ነጭ ስንደዶ ሮዝ ያደርገዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም፤ በክረምት የጣሪያ ውሃ በጀሪካን ማጠራቀም ይረዳል። ግን ክረምት ላይ የተነከረ ሣር ቶሎ አይደርቅም። ሳይደርቅ ከታሰረ ይሻግታል፣ ሽታው ከሙዳዩ አይለቅም። በቀጭኑ ተዘርግቶ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር፣ በየቀኑ እየተገላበጠ ይደርቅ።

ስንደዶው ራሱ የሚነቀለው በዚህ ሰሞን ነው፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ ዘንጉ ገና ለስላሳ ሳለ። ሰንብቶ የጠነከረው ሲሰነጠቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ መሃል ላይ ይቀጫል። ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ግን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስንደዶ የጠፋበት ሰው የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቶ በክሩ ይሰፋል። አንዳንዱ ይህን እንደ ውርደት ያያል፤ እኔ አላይም። የከረጢት ክር አይሻግትም፣ አይሰበርም፣ ውሃም አይፈልግም። አንድ ጉድለት አለው፦ ስለሚንሸራተት ስፌቱ በአውራ ጣት ተይዞ ቶሎ ካልጠበቀ ወደ ኋላ ይላላል። አንድ ዙር ስንደዶ፣ አንድ ዙር የከረጢት ክር ሲሆን ደግሞ አንዱ የሚያበራውን ሌላው ያደበዝዘዋል፤ ሞክሩት።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተነሳ መሰለኝ፤ ብርሃኑ ከግራ ወደ ቀኝ ዞሯል። 11ኛው ዙር ላይ ነኝ። እምብርቱ አረንጓዴ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ሐምራዊው በመሃል ያለቀበት ግማሽ ቀለበት፣ እርዱ የሞላው ሌላው ግማሽ። ቅድም የታችኛዋ እትዬ በር ላይ ቆመው «ይህቺ ደግሞ ምን ልትሆን ነው? ሙዳይ ናት ሰፌድ?» አሉ። «ገና ነው እትዬ» አልኳቸው። «ገናማ አይደለም፣ አሁን ነው እንጂ የሚለየው» ብለው ሄዱ። ልክ ናቸው። 12ኛው ላይ 10 ስፌት ከጨመርኩ ትሰፋለች፣ መጨመሩን ካቆምኩ ትነሳለች። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ሐምራዊ ለአንዱ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን በእጄ መዝኜ ላውቅ አልቻልኩም። ልጨምር?