ቢጫ የሆነ የመኪና መብራት በእጅ ማጥራት

አዳማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትቆም መኪና የፊት መብራቷ ቢጫ ሆኖ ይደበዝዛል። ማታ ወደ ሞጆ ሲነዳ አምፖሉ የደከመ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ቅብ አለው። ተቃጥሎ የሚላጠው ያ ቅብ ነው።

መጀመሪያ በጣታችሁ ዳብሱት። የሚሻክረው ከውጭ ከሆነ ይጠራል። እንፋሎት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ከውስጥ ካለ ግን በከንቱ አትልፉ።

ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 800፣ 1000፣ 1500 እና 2000 ግዙ። ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለበት ውሃ 10 ደቂቃ ንከሩት። ኮፈኑንና ፓራውልቱን በወረቀት ፕላስተር ደርባችሁ ሸፍኑ፤ የቀለም ጠርዝ በ800 ከተነካ ወዲያው ይላጣል።

በ800 ወደ ጎን ብቻ እሹ፤ ውሃ አይለየው። የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ሲነጣ አሮጌው ቅብ ተነሥቷል። መብራቱ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ አትደንግጡ። ቀጥሎ በ1000 ከላይ ወደ ታች፤ በ1500 እና በ2000ም እንዲሁ አቅጣጫ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። አቅጣጫ የሚቀየረው የ800ው ጭረት መጥፋቱ እንዲታይ ነው። ከ800 ወደ 2000 የዘለለ ሰው ጭረቱን ማታ መብራቱ ሲበራ ያየዋል። እርጥብ ሆኖ ሁሉም ያምራል፤ ስለዚህ በየመሃሉ አድርቃችሁ እዩት፤ ወረቀት ስትቀይሩም ውሃውን ቀይሩ። ባልዲው ውስጥ የቀረች አንዲት የ800 ቅንጣት የ2000ውን ሥራ ታበላሻለች።

በጥርስ ሳሙና አሽተው የሚተዉት አሉ። ያበራል፤ ግን የሚጠብቀው ቅብ ስለሌለ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ማጠንከሪያ ያለው የመኪና ክሊር (የሚነፋ፣ ቀለም የሌለው ግልጽ ቅብ) መቀባት የግድ ነው እላለሁ። ከ2000 በኋላ ኮምፓውንድ (የማወልወያ ቅባት) አትቀቡ፤ ቅባቱ ክሊሩን አያስይዝም። በንጹሕ አልኮል ጥረጉ፤ ቲነርና ቤንዚን ፕላስቲኩን ይሰነጥቁታል። የክሊሩ ጭስ ሳንባ ስለሚጎዳ ደጅ ሥሩ፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ የቀለም ቀቢዎችን ማስክ አድርጉ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጥላ ሥር ይሁን። ተርባይኖቹን የሚያዞረው የአዳማ ነፋስ ከተነሣ አቧራው እርጥብ ክሊር ላይ ይለጠፋል። 10 ደቂቃ እያረፋችሁ ሁለት ጊዜ በስሱ ንፉ፤ ወፍራም ከሆነ ይንጠባጠባል። ፕላስተሩን ክሊሩ ጨርሶ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሡት፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞት ይነሣል።