ማቶትና እልባት

ታኅሣሥ 25፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

የገና ባዛሩ ትናንት አለቀ። ያልተሸጠው ዕቃ በሁለት ፌስታል ታጭቆ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ገና አልነካሁትም። እግሬ አብጧል፣ ድምፄ ተዘግቷል፣ አመልካች ጣቴን ደግሞ ክር በልቶት ቀይ መስመር አውጥቷል። ሦስት ቀን ሙሉ "ግቡ፣ እዩት፣ ማየት በነፃ ነው" ስል የዋልኩት እኔ ነኝ። ቢሮ ስብሰባ ላይ እጄን ለማውጣት የማፍረው እኔ!

ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር ሞክሬ ነበር። ደብተር ያዝኩ። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ የሠራሁት እያንዳንዱ ነገር ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፍኩ። በስልኬ ነው የምይዘው። ሰው ሲያናግረኝ አቆማለሁ፣ ሻይ ላፈላ ስነሳ አቆማለሁ። የሕፃን ጫማ ከነማሰሪያው 2 ሰዓት ከ40። የሕፃን ኮፍያ 3 ሰዓት። የአንገት ልብስ፣ በሁለት እንጨት የተሠራ፣ 11 ሰዓት። ይሄን ከጻፍኩ በኋላ የአንገት ልብስ አልጀመርኩም።

አምና ዋጋ ስጠየቅ ደንበኛዋን ዓይቼ ነበር የምመልሰው። ጥሩ ጫማ ካደረገች 500። ልጅ ካዘለች 350። "እኔም እኮ ልጅ ሆኜ ዳንቴል እሠራ ነበር" ካለችኝ ደግሞ አፍሬ የክሩን ብቻ። በመጨረሻ ሒሳቡን ስሠራው ትርፌ የታክሲ ሆነ። ጠረጴዛውን ለሁለት የምንከራየው ጓደኛዬ "አንቺ ልትነግጂ ሳይሆን ዘመድ ልትጠይቂ ነው የመጣሽው" አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

የምሠራው ሦስት ዓይነት ነው። ሹራብ በሁለት እንጨት፣ ዳንቴል በኪሮሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአማርኛ ስም ያላገኘሁለት ታቲንግ። ታቲንግ እንጨትም ኪሮሽም አይፈልግም። ሥራው ሁሉ በመዳፍ ውስጥ በምትያዝ ትንሽ መወርወሪያ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ ናት ያመጣችልኝ። ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ እንደ ታንኳ ጫፍና ጫፏ የሾለ። እማዬ ስታያት ሳቀች። ቤታችን ጉለሌ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሸማኔ ጎረቤት አለን፤ ያደግኩት የዕቃውን ቀጭ ቀጭ እየሰማሁ ነው። "ይቺ እኮ የነሱ መወርወሪያ ልጅ ናት" አለች። ቅርጿስ ቁርጥ እሱ ነው። የሸማኔው ግን በድሩ መሃል ሽው ብላ ታልፋለች፤ የኔዋ ሥራዋ መቋጠር ብቻ ነው።

ክሩ በግራ እጄ ጣቶች ዙሪያ ይጠመጠማል። መወርወሪያዋ በሥሩ አልፋ በላዩ ትመለሳለች። ያ ግማሽ ቋጠሮ ነው። ቀጥሎ በላዩ አልፋ በሥሩ ትመለሳለች። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ሙሉ ቋጠሮ ናቸው። ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠመጠመው የመወርወሪያዋ ክር ነው። ጣቶቼን ላላ አድርጌ የመወርወሪያዋን ክር ወጠር ሳደርገው ግን ቋጠሮው ድንገት ይገለበጣል። አሁን የተጠመጠመው የጣቶቼ ክር ሆነ፤ የመወርወሪያዋ ቀጥ ብሎ በመሃሉ ያልፋል። ካልተገለበጠ ቋጠሮው ይቆለፋል። ሃያ ቋጠሮ ሠርቼ ክሩን ስስበው ቀለበት ሆኖ መዘጋት ሲገባው፣ አንዲት ያልተገለበጠች መሃል ላይ ቆማ አላሳልፍም ትላለች። ዳንቴል ቢበላሽ ቀላል ነው፤ ጫፉን ጎትቶ መተርተር፣ በደቂቃ ወደ ልቃቂቱ ይመለሳል። ይሄኛው አይተረተርም። በመርፌ ጫፍ ቋጠሮ በቋጠሮ መፍታት ነው፤ አለዚያ መቀስ።

ሁለት ሳምንት ያህል ሥራዬ መቀስ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ መነሳት ደበረኝና በጨለማ ቀጠልኩ። ለካ ያደናቀፈኝ ዓይኔ ኖሯል! መገልበጡ ጣት ላይ ይሰማል፤ ትንሽዬ ሸርተት ነገር ናት። መብራት ሲመጣ አምስት ቀለበት ሠርቼ ነበር። አምስቱም ተዘጉ። በሕይወቴ መብራት ስለጠፋ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈረንሳዮች ይሄን ሥራ "ፍሪቮሊቴ" ይሉታል፤ ቁም ነገር የሌለው ነገር እንደማለት ነው። ጣሊያኖች ደግሞ ስሙን ያወጡለት ከወሬ ነው። ሴቶች እያወሩ የሚሠሩት ስለሆነ መሰለኝ። እንዲህ ብለው የሰየሙት ሰዎች አንድ ቀለበት ሠርተው እንደማያውቁ ግን እምላለሁ። እኛ ከፈረንሳይኛ የወሰድነው "ዳንቴል" ይሻላል። ከ"ጥርስ" የመጣ ነው። ጫፉ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች ያየ ሰው ነው ያወጣው።

ወደ ባዛሩ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዘጋጆቹ ጠረጴዛችንን ከመግቢያው አንስተው ጄነሬተሩ አጠገብ አደረጉት። የከፈልነው ለመግቢያው ነበር። "ነገ እናስተካክላለን" አሉ። ነገውም አለፈ፣ ከነገ ወዲያውም። የሕፃን ልብስ ከጭስ ለመከላከል ነጫጩን ሁሉ በላስቲክ ሸፈንኩት። ላስቲክ የለበሰ ዳንቴል ደግሞ የሱቅ ዕቃ ይመስላል።

ስለዚህ ጥያቄው መጣ። "ይሄ የማሽን ነው አይደል?"

ሹራቡን ማሽን እንደሚሠራው እኔም አውቃለሁ። የመጀመሪያውን የሹራብ ማሽን ዊሊያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ የእጅ ሠራተኞቼን እንጀራ ያሳጣብኛል ብላ መብቱን ነፈገችው ይባላል። (እንዲህ ዓይነት ንግሥት የባዛር አዘጋጅ ብትሆንልኝ!) የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የእጅ ነው። የሚመስለውን የሚያወጣ ማሽን አለ፤ ትክክለኛውን የሚሠራ ገበያ ላይ የለም። ከቻይና መጥቶ መርካቶ የተሰቀለው የኪሮሽ ቦርሳ እንኳ የአንዲት ሴት ጣት ያረፈበት ነው። "በዚህ ዋጋ መርካቶ አገኘዋለሁ" ያለችኝን ልጅ ስሸኛት የመጣብኝ ያቺ ሴት ናት። ደብተር ብትይዝ ምን ትጽፍ ነበር?

አሁን ወደ ማቶቱ። በአንድ ዓመት የባዛር ልምዴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ኅዳር ላይ ወፍራም ቡናማ ክር ተርፎኝ ነበር። ይጣል ወይ ብዬ ዘጠኝ የጀበና ማቶት ሠራሁበት። የአንዱ ሥራ 45 ደቂቃ ነው፤ ክብ ላይ ክብ እየጨመሩ መሄድ፣ ቴሌቪዥን እያዩ የሚሠራ ነገር። ዋጋው 200 ብር። ዘጠኙም በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት አለቁ። ምንም ክርክር የለ፣ "ባለቤቴን ላማክር" የለ። ጀበና ቂጡ ድቡልቡል ነው፤ ያለ ማቶት አይቆምም፤ አለቀ። የተቃጠለ ጨርቅ ጠቅልላ ጀበናዋን የምታስቀምጥ ሴት ሁሉ ስታየው ገባት። 14 ትእዛዝ ይዤ ወጣሁ።

ማታ ደብተሬን አወጣሁ። የክሩን ዋጋ ቀንሼ ለሰዓት አካፈልኩት። ማቶት በሰዓት 213 ብር። የሕፃን ጫማ 172። በታቲንግ የሠራሁት መስቀል፣ ከሁሉ የምወደው፣ 3 ሰዓት ከ40 የሚፈጀው፣ በሰዓት 90 ብር። የአንገት ልብሱ 68። ደብተር ክፉ ነገር ነው።

መስቀሎቹን የሠራኋቸው በቀጭን ነጭ ክር ነው። እንደ ላሊበላ መስቀል ጫፍ ጫፋቸው በትንንሽ ቀለበት ያለቀ፣ ከታች ረጅም ክር ያላቸው። ዋጋቸው ላይ "የመጽሐፍ ምልክት" ብዬ ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል። አንዱን አነሱና ወረቀቱን አነበቡት።

"እልባት ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ እናቴ፣ መጽሐፍ ውስጥ የሚደረግ..."

"እኮ፣ እልባት። ምን 'የመጽሐፍ ምልክት' ትያለሽ? ስም ያለው ነገር እኮ ነው።"

እኔ እልባት የማውቀው ከዜና ነው። "ችግሩ እልባት አገኘ" ሲባል። ወይም እንደ ጄነሬተሩ ነገር እልባት ሳያገኝ ሲቀር። ለካ በብራና መጻሕፍት ገጽ ዳር የምትታሰረዋ ባለቀለም ክር ናት። አንባቢው የሚፈልገውን ቦታ ሳያገላብጥ በእሷ ያገኛል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ እልባት ስሠራ ከርሜ ስሙን አላውቅም ነበር።

ከቦርሳቸው ዳዊታቸውን አወጡ። ማኅደሩ ከጥቅም ብዛት ጠቁሯል። መስቀሉን ገጹ ላይ አስተኙት፣ አነሱት፣ ከዚያ ገለበጡትና ጀርባውን አዩ። ጀርባውን የሚያይ ሰው ሥራ ያውቃል። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና በጥፍራቸው አንድ ቦታ ነኩ።

"እዚህች ጋ አምልጦሻል።"

እውነት ነው። በግራው ክንድ ሦስተኛው ቀለበት በደንብ አልተዘጋም፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ክፍተት አለች። አንድ ማታ በጣም ደክሞኝ መቀሱን አንስቼ የተውኩት ነው። ማንም አያየውም ብዬ ነበር።

"ሌላ ልስጥዎት?"

"አይ፣ ይሄው ይሁን። ለስህተቱ 50 ብር ቀንሺ።"

ቀነስኩ። ምን አማራጭ አለኝ? የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈተው 300 ብር ቆጠሩልኝ። ደብተሬ ላይ ያ መስቀል በሰዓት 76 ብር ሆኖ ተጽፏል። ከሦስቱ ቀን ግን ደጋግሜ የማስታውሰው ሽያጭ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ነገር አደረግኩ። የእማዬ የአልጋ ልብስ አለ። ለሠርጓ የሠራችው፣ ለእንግዳ ብቻ ከሳጥን የሚወጣ። አበቦችን አንድ በአንድ በኪሮሽ ሠርታ ነው ያጋጠመችው። ልጅ ሆኜ በጣቴ ቀዳዳውን ስነካካ በጥፊ የተመታሁበት ነው። ዘረጋሁትና ቆጠርኩ። በርዝመት 14፣ በወርድ 12፣ በድምሩ 168 አበባ። አንዱን አስመስዬ ሠራሁት፤ 1 ሰዓት ከ10 ፈጀብኝ። በ168 ሳባዛው 196 ሰዓት። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 24 ቀን ተኩል፣ ማጋጠሙን ሳይጨምር።

ሮጬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ ታውቂያለሽ?"

"የምን ሰዓት?" አለች ቀና ሳትል። "ሰዓት የነበረው አባትሽ ነው።"

ከዚያ እጇን ታጥባ መጣች። አልጋ ልብሱን በጣቷ እየዳሰሰች ነገረችኝ። ዳንቴል የተማረችው ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ይሄኛው ግን አብዛኛው የተሠራው በደርግ ጊዜ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። የራሽን ካርዷን ብብቷ ውስጥ፣ ልቃቂቷን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ ስኳር ስትጠብቅ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ አንድ ዙር። ከጫፉ ሦስተኛው ረድፍ ነጭነቱ ትንሽ ይለያል። ክር ጠፍቶ ከጎረቤት ተበድራ ነው። አርባ ዓመት አልጋው ላይ ሲነጠፍ አይቼው ይሄን ረድፍ ልብ ብዬው አላውቅም።

ስለ አየርላንድ ያነበብኩትን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብሉ በበሽታ ሲጠፋ ረሃብ ገባ። ያን ጊዜ መነኮሳት ለሴቶች ኪሮሽ ያስተምሩ ነበር። ሴቶቹ ዳንቴል እየሸጡ ቤተሰብ አተረፉ። ሥራውንም ተከፋፍለውት ነበር፤ አንዷ አበባ ብቻ፣ አንዷ ቅጠል ብቻ፣ ሌላዋ ማጋጠም ብቻ። እማዬ ብዙም አልገረማትም። "የቸገረው ሰው ሥራ መከፋፈል ይችልበታል" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ማታ እራት በልተን ስናበቃ ግን መነጽሯን አድርጋ መጣች። ከፌስታሉ ውስጥ ኪሮሼን አወጣች።

"ያን ማቶት እኔ ልሥራልሽ። አንቺ መስቀልሽን ሥሪ።"

"የእውነት?"

"ደብተርሽን ግን አምጪው። በሰዓት ስንት ነው የምትከፍይኝ?"

እስካሁን አልመለስኩላትም። አንዱን ማቶት ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች። በ30 ደቂቃ ነው የሠራችው፣ ሳላሳውቃት ይዤባታለሁ። ቡናማው ክር አይበቃም፤ ነገ ከሥራ መልስ መርካቶ መሄድ አለብኝ።