ኩራዝ፣ ሻማና አንድ ፊልም

እሑድ ማታ።

የእህቴ ልጅ ግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ቴሌቪዥን ገዝቷል። «ጋሼ፣ ለዓይን የሚጥሙ ፊልሞች ይጻፉልኝ፤ ታሪካቸው ቢያንስም ግድ የለም» አለኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አሥር ለመሙላት ነበር ሐሳቤ። አንደኛውን ጻፍኩና እዚያው ላይ ብዙ ቆየሁ።

አንደኛው የስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 የወጣ፣ ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ የአንድ አየርላንዳዊ ወጣት መውጣትና መውረድ የሚታይበት ፊልም ነው። ዘመኑ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነውና ኩብሪክ የሌሊቱን ትዕይንቶች በሻማ ብርሃን ካልቀረጽኩ ብሎ ድርቅ አለ። ለተራ ሌንስ ያ ብርሃን አይበቃም። ዛይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ግን ለናሳ የሠራቸው፣ ቀዳዳቸው እስከ 0.7 የሚከፈት ሌንሶች ነበሩት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ከተሠሩት አሥር ሌንሶች ሦስቱ የኩብሪክ ሆኑ። ካሜራው ከሌንሱ ጋር እንዲገጥም ብቻ ብዙ ተቆርጦና ተሞርዶ ነበር።

እንዲህ ወለል ብሎ የተከፈተ ሌንስ ታዲያ የራሱ ጣጣ አለው። ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ተዋናዩ አንገቱን ሰበቅ ቢያደርግ ፊቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ በካርታ መጫወቻው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች እንደ ሥዕል ረግተዋል። ሌዲ ሊንደን ዓይኗን ብቻ ቀና ታደርጋለች። ባሪም ያያታል። ሌላ ነገር የለም፤ እኔ ግን በዚያ ቦታ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሌንሱ ያስገደዳቸው እርጋታ የዘመኑ ጨዋነት መስሎ ቀርቷል።

ይህን ብርሃን ከፊልሙ በፊት አውቀዋለሁ። ያደግኩት ኩራዝ በሚበራበት ቤት ነው። አያቴ ስትፈትል ግማሽ ፊቷ ወርቅ ነበር፣ ግማሹ ጨለማ፤ እንዝርቷ ስትሾር ጥላዋ ግድግዳው ላይ ከእርሷ ገዝፎ ይወዛወዛል። በኩራዝ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው በችኮላ አይነሣም፤ የነጠላው ነፋስ ያጠፋዋል፣ ክብሪትም በቁጠባ ነው። ጠዋት አፍንጫችን ጥላሸት ለብሶ እንነቃ ስለነበር ያን ዘመን መልሱልኝ አልልም። የአያቴን ፊት ግን ከዚያ በኋላ በአምፖል ብርሃን እንደዚያ አምሮ አላየሁትም።

በእኛ ፊልሞች የምበሳጨውም እዚህ ላይ ነው። መብራት ጠፋ ይባላል፣ ሻማ ይለኮሳል፣ ክፍሉ ግን ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ቀትር ወገግ ብሏል። ሻማው ለጌጥ ነው። ኩብሪክም ቢሆን ጥቂት ብልሃት ተጠቅሟል፤ ሦስት ክር ያላቸው ሻማዎች አቃጥሏል፣ ከላያቸውም ብርሃኑን ወደ ታች የሚመልስ ብረት ሰቅሏል። ያም ሆኖ የሚያበራው ሻማው ራሱ ነው።

ሁለተኛ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጻፍኩ። ልጁ ቅር ሳይለው አይቀርም፤ በአብዮቱ ሰሞን የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፣ ምስሉም ሻካራ ነው። እኔ የምወደው ካሜራው አለመቸኮሉን ነው። ገበሬው ከሩቅ ሲመጣ እርምጃውን አያሳጥርለትም፤ መንገዱ የሚወስደውን ያህል ይወስዳል፣ ተመልካቹም አብሮ ይደክማል። ውበት ለምለም መስክ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን ሁለቴ አሳየዋለሁ።

ሦስተኛው የቴረንስ ማሊክ «ዴይስ ኦፍ ሄቨን» ነው፤ በ1978 የወጣ። የስንዴ ማሳው አብዛኛው የተቀረጸው ፀሐይ ጠልቃ ሳይጨልም ባለችው አጭር ጊዜ ነው። እኛ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የምንላት ሰዓት ናት። ለእርሷ ሲሉ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ነበረባቸው።

አራተኛውን ሳልጽፍ መሸ። ሦስቱን ስሞች በስልክ ላክሁለት።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ ይህ ቴሌቪዥን ችግር ያለበት ይመስለኛል። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ የብርሃኑን መጠን እስከ መጨረሻው ጨምሬዋለሁ።»

«ሳሎኑ ውስጥ ስንት አምፖል በርቷል?» አልኩት።

ሲቆጥር ይሰማኛል። «ስድስት።»

«የቴሌቪዥኑን ብርሃን ወደ ነበረበት መልስ። ስድስቱንም አጥፋና ከካርታው ጀምር።»