ስድስት አሰልጣኝ፣ አንድ ድምፅ፦ በኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የአሰልጣኞችን ሥራ እንዴት እንዳከፋፈልኩ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። በአሰልጣኝነት ሥራ ግን ሎሚው ተከፋፍሎም ማን የትኛውን እንደያዘ ካልታወቀ መሬት መውደቁ አይቀርም። በአሜሪካ የዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ወዲህ አንድ ቡድን ከዋና አሰልጣኟ ሌላ አምስት ረዳቶች ሊኖሩት ይችላል። በዚያ ላይ የጉዞና የአስተዳደር ኃላፊ፣ የቪዲዮ ባለሙያ፣ የአካል ብቃት አሰልጣኝ፣ የጉዳት ሕክምና ባለሙያና የተማሪ አስተባባሪዎች አሉ። የዋና አሰልጣኟ ምክትል ሆኜ ይህን ሁሉ ሰው ማቀናጀት የእኔ ድርሻ ነበር። የሠራንበትን አከፋፈል፣ የተበላሸብንን ነገርና ያስተካከልንበትን መንገድ እጽፋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ቡድን ረዳቶቹን በተጫዋች ቦታ ይከፍላል፤ አንዱ የጋርዶች (ኳሱን ከውጪ የሚያንቀሳቅሱት)፣ አንዱ የፎርዋርዶች (የክንፍ ተጫዋቾች)፣ ሌላው የሴንተሮች (ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወቱት ረጃጅሞች) አሰልጣኝ ይሆናል። ለግል ክህሎት ይህ ደህና ነው። ለቡድን ጨዋታ ግን ስህተት ይወልዳል። ፒክ ኤንድ ሮል መከላከልን እንውሰድ፤ ይህ አንዷ አጥቂ ኳስ የያዘችውን ጓደኛዋን የምትከላከለውን በሰውነቷ ጋርዳ (ስክሪን) ከዚያ ወደ ቀለበቱ የምትሮጥበት (ሮል) ጨዋታ ነው። የጋርዶች አሰልጣኝ ተጫዋቿን «ከስክሪኑ በላይ እለፊ፣ ከኋላዋ ተከተያት» ይላታል። የሴንተሮች አሰልጣኝ ደግሞ የራሱን ተጫዋች «ወደ ቀለበቱ ሽሺ» ይላታል። ሁለቱም ለየብቻ ትክክል ናቸው። ምን ያህል ርቃ እንደምትሸሽ ግን ማንም ስላልወሰነ፣ ኳስ የያዘችው ተጋጣሚ ቅጣት ምት መስመር ላይ ሰፊ ባዶ ሜዳ ታገኛለች፤ ሳትቸኩል ትተኩሳለች ወይም ለሮል አድራጊዋ ታቀብላለች። ከዚያ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሁለቱ አሰልጣኞች የየራሳቸውን ተጫዋች ይከላከላሉ።

ስለዚህ የቡድኑን ጨዋታ የከፈልኩት በርዕስ ነው። አንዱ ረዳት የማጥቃት፣ ሁለተኛው የመከላከል፣ ሦስተኛው የልዩ ሁኔታዎች ባለቤት ሆነ። ልዩ ሁኔታ የምንለው ከመስመር ውጪ ኳስ ማስገባትን፣ ፕሬስ (ኳስ ገና ከኋላ ሜዳ ሳይወጣ የሚደረግ ጫና) መስበርንና የሩብ ማብቂያን ነው። አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ አንዱ የግል ክህሎትን፣ ሌላው የልምምድ ተጋጣሚውን ቡድንና ቪዲዮውን ያዙ። ባለቤት ያልሆነ ሰው ሐሳብ መስጠት ይችላል፤ ለተጫዋች ግን የሚነግራት ባለቤቱ ብቻ ነው። የቦታ ክፍፍሉን ለግል ልምምድ ብቻ አስቀረነው።

ይህ እንዲሠራ የቃላት ገጽ ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት ላይ 40 ያህል ቃል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ትርጉም። «ድሮፕ» ማለት ሴንተሯ ከስክሪኑ ስንት እርምጃ ወርዳ ነው? «አይስ» ማለት ኳስ የያዘችውን ወደ መሃል እንዳትገባ ወደ ጎን መስመር መግፋት ነው፤ ግን የጋርዷ የትኛው እግር ነው ከፊት የሚሆነው? የወቅቱ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኞቹ ሁሉ ወረቀቱን ሳያዩ ትርጉሙን በየራሳቸው እንዲጽፉ አደረግሁ። አብረው ዓመታት የሠሩ ሰዎች እንኳ በብዙ ቃል ላይ ይለያያሉ። ልዩነቱን ዝግ በር ውስጥ መጨረስ ይሻላል፤ ተጫዋቿ ሜዳ ላይ ከደረሰባት ዋጋው ቅርጫት ነው።

ቀጥሎ የተጋጣሚ ጥናት ነው። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ስላለ ሦስቱ አንጋፋ ረዳቶች በየተራ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ ሦስተኛ ተጋጣሚ የእሱ ነው። ሥራው ከጨዋታው ሰባት ቀን በፊት ይጀምራል። አምስት ጨዋታ እናያለን፦ የቅርቦቹን ሦስት፣ የእኛን ዓይነት ስልት ከሚጫወት ቡድን ጋር ያደረጉትን አንድ፣ በሰፊ ልዩነት የተሸነፉበትን አንድ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ምን ሲደረግባቸው እንደሚፈርሱ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

ቁጥሩን የምንሠራው በአንድ ጨዋታ ስንት ነጥብ አገቡ ብለን ሳይሆን በአንድ የኳስ ይዞታ ስንት አገቡ ብለን ነው። የይዞታ ግምቱ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ከሜዳ የተተኮሰው ቁጥር፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ (ከሳተ ተኩስ በኋላ አጥቂው ቡድን መልሶ የያዘው ኳስ)፣ ሲደመር የጠፋ ኳስ፣ ሲደመር 0.475 ጊዜ የቅጣት ምት ቁጥር። ለምሳሌ 62 ተኩስ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 15 የጠፋ ኳስና 16 ቅጣት ምት ያለው ቡድን 74.6 ይዞታ ነበረው ማለት ነው። 68 ነጥብ ካገባ በአንድ ይዞታ 0.91 ይሆናል፤ ኳስ ያጠፋው በይዞታው 20 በመቶ ላይ ነው። ከ62ቱ 25ቱ ገብተው 6ቱ ባለሦስት ከሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ባለሦስት ግማሽ ጨምረን (25 + 3) ለ62 ስናካፍል የተኩስ ውጤታማነቱ 45 በመቶ ይመጣል። በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ብዙ ስላገባ ብቻ አጥቂ፣ ቀርፋፋው ጥቂት ስለገባበት ብቻ ጥሩ ተከላካይ እንዳይመስለን የሚጠብቀን ይህ ስሌት ነው።

ለአሰልጣኞች የሚዘጋጀው ዘገባ 15 ገጽ ሊደርስ ይችላል። ለተጫዋቾች የሚሰጠው ግን አንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ ነው። ለእያንዳንዷ ተጋጣሚ ሦስት መስመር፦ የምትወደው ነገር፣ የማትወደው፣ እኛ የምናደርግባት። «ግራ እጇን ትወዳለች፤ ቀኝ ስትሄድ ታቆማለች፤ ወደ ቀኝ ግፊያት።» በቃ። ቪዲዮው ከ12 ደቂቃ አይበልጥም፤ 18 ያህል ቁራጭ። መጀመሪያ ላይ ሁሉን ነገር እናሳያቸው ነበር፤ ውጤቱ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ቆመው ማሰባቸው ነው። ሁለት ሰከንድ ያሰበች ተከላካይ ዘግይታለች። የገባቸው መሆኑን የምንለካው በዝግታ በምናደርገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ ነው፦ የዘገባው ባለቤት ዝም ይላል፣ ተጫዋቾቹ የተጋጣሚውን አምስት ስልት ራሳቸው ይጠራሉ። ሁለቱን ካልጠሩ ጥፋቱ የዘገባው ነው፤ ያን ማታ እናሳጥረዋለን።

የጊዜ ገደቡን ማን ይቆጥራል? ይህን አንድ ሰው ካልያዘው ደንብ ይጣሳል። በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ግዴታ ነው። የቪዲዮ ስብሰባና ክብደት ማንሳትም ይቆጠራል። የጨዋታ ቀን ምንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ይያዛል። ሐሙስና እሑድ ጨዋታ ሲኖር 6 ሰዓት እዚያ ሄዷል፤ ሰኞ ዕረፍት ነው። ማክሰኞ ለ2፡30 ሰዓት ሜዳ፣ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ፣ 45 ደቂቃ ክብደት፤ ረቡዕ 2፡15 ሜዳና ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ፤ ዓርብና ቅዳሜ እያንዳንዳቸው 2፡30 በጠቅላላ። ድምሩ 17፡30 ይሆናል። የቀረውን 2፡30 አንነካውም። ያልታሰበ ስብሰባ ወይም የተራዘመ ልምምድ ሲመጣ የሚያወጣን እሱ ነው።

በሴቶች ቡድን ልምምድ ውስጥ ወንድ ተማሪዎች ተጋጣሚ ሆነው መጫወታቸው የተለመደ ነው። የዩኒቨርሲቲው መደበኛ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንና የብቁነት ሰነዳቸው መሟላት አለበት፤ ያለ ሰነድ አንድ ቀንም ሜዳ አይገቡም። ስምንት ብንይዝ ስድስቱ ይመጣሉ፤ ክፍል አላቸውና። የተጋጣሚውን ስልት የሚያስተምራቸው የዚያ ሳምንት ዘገባ ባለቤት ነው፤ ቡድናችን ከመግባቱ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይጀምራል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ግልጽ ነው። ልጆቹ ማሸነፍ ይፈልጋሉ። ዘለው እያንዳንዱን ኳስ ሲመልሱ፣ ተጫዋቾቻችን ቀለበቱ ሥር መጨረስን ትተው ኳሱን ወደ ውጪ ማቀበል ይለምዳሉ፤ ሐሙስ ዕለት ማንም በማያግዳት ቦታ ላይ ኳሱን ታወጣለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚወክላትን ተጫዋች ቁጥር እናለብሰዋለን፤ እሷ ግራኝ ከሆነች እሱም በግራው ይጫወታል፤ ብሎክ ማድረግ (የተተኮሰ ኳስ በእጅ ማገድ) የሚፈቀደው እሷ ብሎክ የምታደርግ ከሆነ ብቻ ነው። ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። የሴቶች ኳስ ዙሪያው 28.5 ኢንች፣ የወንዶች 29.5 ነው። ጂሙን ከወንዶች ጋር የሚጋራ ቡድን ጋሪ ላይ አንድ የወንዶች ኳስ ተቀላቅላ አትጠፋም። የተማሪ አስተባባሪው በየቀኑ ከልምምድ በፊት ሁሉንም እያነሳ መጠኑን ያነባል።

ወደ ቤንች እንምጣ። የኮሌጅ ሴቶች ጨዋታ ከ2015–16 ወቅት ጀምሮ አራት የ10 ደቂቃ ሩብ ነው። የቡድን ፋውል በየሩቡ ከዜሮ ይጀምራል፤ በሩቡ አምስተኛው ፋውል ላይ ሁለት ቅጣት ምት ይሰጣል። ይህ ለልዩ ሁኔታዎች ባለቤት ትልቅ ሥራ ነው። ሁለት አጋማሽ ብቻ ካለው ጨዋታ ይልቅ የማብቂያ ሰዓቱ እጥፍ ነው፤ አራት ጊዜ «ሁለት ለአንድ» የማግኘት፣ ማለትም ተጋጣሚ አንዴ ሲያጠቃ እኛ ሁለቴ የማጥቃት ዕድል አለ። የተኩስ ሰዓቱ (አንድ ቡድን ሳይተኩስ ኳስ መያዝ የሚችልበት ጊዜ) 30 ሰከንድ ስለሆነ፣ ከ40 እስከ 36 ሰከንድ ሲቀር ከተኮስን ተጋጣሚ ሰዓቱን ሙሉ ቢጠቀም እንኳ ኳሱ ለእኛ ይመለሳል። ባለቤቱ 50 ሰከንድ ሲቀር አንድ ቃል ይጮሃል፤ ጨዋታውን የምትመራው ፖይንት ጋርድ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው። ፋውል ያልሞላ ከሆነም ይናገራል፦ «ሁለት አለን» ማለት ሁለት ጊዜ ቅጣት ምት ሳንሰጥ ማስቆም እንችላለን ማለት ነው።

ታይም አውት ላይ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች የአሰልጣኞች ናቸው፤ ተጫዋቾቹ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። የማጥቃቱ ባለቤት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የመከላከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ለዋና አሰልጣኟ ይነግራታል። ከዚያ የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። አንድ የማጥቃት ነገር፣ አንድ የመከላከል ነገር፣ ቦርድ ላይ አንድ ሥዕል። ሁለት ሥዕል ከሣለች የመጀመሪያው ይጠፋል። ከመነሳታቸው በፊት አንድ ረዳት የሚገቡትን አምስት ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ስድስት ሆኖ መግባት ቴክኒካል ፋውል ነውና። የቀሩንን ታይም አውቶች የሚቆጥረው የተማሪ አስተባባሪ እንጂ አሰልጣኝ አይደለም። አሰልጣኝ በስሜት ውስጥ ሆኖ ይሳሳታል። በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ደቂቃ ታይም አውት ኳሱን ወደ ፊት ሜዳ ስለሚያሻግር አንዷን ለዚያ ማትረፍ የግድ ነው።

በጉዳት ጉዳይ አሰልጣኞች ድምፅ የለንም። የሕክምና ባለሙያዋ «አትጫወትም» ካለች አለቀ፤ ለተጫዋቿ የምትነግራትም እሷ ናት። ሴት ተጫዋቾች በጉልበት ፊተኛ ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ስለሚጠቁ፣ 15 ደቂቃው ማሟሟቂያ አይቆረጥም። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚያይ አንድ ረዳት ከፊት ለፊት ይቆማል፤ ከጎን አይታይም። ልምምድ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቆረጠው ማሟሟቂያ የሆነበት ቡድን ያሳዝነኛል።

ምልመላን ባጭሩ፦ የ2023ቱ ደንብ ሲወጣ ሁለቱ ተጨማሪ ረዳቶች ማሰልጠን እንጂ ከግቢ ውጪ ወጥተው መመልመል አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ አንጋፋዎቹ መንገድ ላይ ሲሆኑ ልምምዱን የሚመሩት እነሱ ናቸው። የቃላት ገጹን ጠንቅቀው ካላወቁ ያ ልምምድ ባክኗል።

ታላላቆቹ ቡድኖች ሰው ቶሎ ቶሎ የማይቀይሩት በከንቱ አይደለም። ረዳቷ ክሪስ ዴይሊ በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ከዋና አሰልጣኙ ከጂኖ ኦሪየማ ጎን የቆመችው ከ1985 ጀምሮ ነው። ረዳቷ ሊሳ ቦየር ከዋና አሰልጣኟ ከዶን ስቴሊ ጋር ከቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተነስታ በ2008 ወደ ደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አብራ ሄዳለች። ያን ያህል የቆየ ሰው ቃሉን ከወረቀት አያነብም።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው መጋቢት ላይ ነው። በ68 ቡድኖች የብሔራዊ ውድድር የመጀመሪያዎቹ ዙሮች አራት ቡድን አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያሸነፈ በመሃሉ አንድ ቀን ብቻ ኖሮት ሁለተኛ ጨዋታ አለው። ድልድሉ እሑድ ማታ እንደወጣ ሦስቱን ተጋጣሚዎች ለሦስቱ ረዳቶች አከፋፍላለሁ። የመጀመሪያው ባለቤት ከቡድኑ ጋር ይሠራል። የቀሩት ሁለቱ ሊመጣ የሚችለውን ቡድን እያንዳንዳቸው አንድ ወረቀትና 18 ቁራጭ ቪዲዮ ድረስ ይጨርሳሉ፤ ተጫዋቾች ግን አያዩትም። ዓርብ ማታ የሁለቱ ቡድን ጨዋታ ሲያልቅ አንዱ ዘገባ ይታተማል። ያልተፈለገው ዘገባ ባለቤት ኮምፒውተሩን ዘግቶ በዚያው ሌሊት ለሌላኛው ቪዲዮ ይቆርጣል፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልምምዱ ይጀምራል።