የተርሚኒዋ ሌሊት፦ እመቤቴ ያደረገችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ጣሊያን የኖርኩት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። በኢራስመስ የተማሪዎች ልውውጥ ከባሕር ዳር ቦሎኛ ሄጄ መስኖ ተምሬ ተመለስኩ። ያገኘኝ ሁሉ "ሮምን አየሻት? ቬኒስን አየሻት?" ይለኛል። አይቻቸዋለሁ። ግን ስለዚያች ሌሊት ዝም ብል ድንጋዮቹ ይጮኻሉ የተባለው በእኔ ይፈጸማል።

አባቴ ያረፈው እኔ በሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በክልላችን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ ስልኩም አንዴ ይገባል አንዴ ይጠፋል። መርዶውን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው አልነበረም። አብራኝ የምትኖር አንዲት ቱርካዊት ተማሪ ሻይ አፍልታ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እስኪነጋ አደረች፤ ቋንቋ ባያግባባንም እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈላት።

እውነቱን ልናገርና እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። "ቪዛውን የሰጠኸኝ ከአባቴ ቀብር ልታርቀኝ ነው?" አልኩት። ውዳሴ ማርያም መድገም ተውኩ። እሑድ ተኝቼ እውላለሁ። ኅዳር እንዲህ አለፈ፣ ታኅሣሥም።

ቦሎኛን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የምታይ ሳን ሉካ የምትባል የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። ከከተማው እስከ ደጇ 4 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ መንገድ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይወስዳል፤ ቅስቶቹ 666 ናቸው (ቁጥሩን ስሰማ አማተብኩ)። ውስጥ ያለችውን ሥዕል ወንጌላዊው ሉቃስ ነው የሣላት ይላሉ። እኛም ሀገር ሉቃስ ሣላት የሚባሉ ሥዕላት አሉና ባዳ አልሆነችብኝም። የሄድኩት ግን ልጸልይ ሳይሆን ልጣላ ነው። ሽቅብ ወጥቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ፊቷ ቆሜ "ለልጅሽ ንገሪው፣ አኩርፌዋለሁ" ብያት ወረድኩ።

እናቴ ስልክ በገባላት ቀን "አባትሽ እንድታዪ እንጂ ታጥፈሽ እንድትቀመጪ አልላከሽም" አለችኝ። አባቴ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ስሸኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ሮም ውስጥ ቆሞበት የነበረውን ቦታ አይቼ "ባዶ መሆኑን በዓይንሽ አረጋግጪልኝ" ነው ያለኝ። ሐውልቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ሀገሩ ገብቷል፤ እሱ ግን ሰው አይቶ እንዲነግረው ፈለገ።

ስለዚህ ለአስተርእዮ ማርያም ሮም ሄድኩ። ቅዳሜ የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ጉልላት 551 ደረጃ ወጣሁ። ከባዚሊካው ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የእኛ መነኮሳት የኖሩበት ነው፤ እነ አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙ ናቸው። ያንን ሳስብ ትንሽ ልቤ ለሰለሰ። ከዚያ ሐውልቱ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ፣ ፖርታ ካፔና ሄድኩ። ሐውልቱ የለም፤ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፣ መኪና ይዞራል። የምነግረው አባት ስለሌለኝ መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። እሑድ አስቀድሼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቦሎኛ ፈተና አለኝ። እዚያ ብዙው ፈተና የቃል ነው። ስም ይጠራል፣ ተራ በተራ መምህሩ ፊት ትቀመጣለህ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ይሰማል፤ ውጤቱም ከ30 እዚያው ይነገራል። ስም ሲጠራ ያልነበረ ለሚቀጥለው ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ከሚቀጥለው በፊት ወደ ሀገሬ ተመላሽ ነኝ። ማስታወሻዬን ጉልላቱም ላይ፣ ሜትሮ ውስጥም አልለየሁትም ነበር።

ባቡሬ ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የባቡር ሠራተኞች አድማ 3 ሰዓት ላይ እንደሚጀምር አውቄ ቀደም ያለውን ነበር የቆረጥኩት። ሰሌዳው 20 ደቂቃ ዘገየ አለ። ከዚያ 40። ከዚያ 75። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ "ካንቸላቶ" አለ፤ ተሰርዟል። ጣሊያኖቹ ለምደውታል መሰለኝ፣ እያጉረመረሙ ተበተኑ። የጠዋቱ ጥቂት ባቡሮች ሞልተዋል። የሌሊት አውቶቡስ በስልኬ ብፈልግ ሁሉም ሞልቷል። ከዚያ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

ተርሚኒ ሌሊት ይዘጋል። ያ ሳይሆን የማድርበት ልፈልግ ብዬ ወደ አደባባዩ ወጣሁ። አደባባዩ የአምስት መቶው ይባላል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለፈጇቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። አባቴ ቢኖር ይህን ስነግረው ይስቅ ነበር። እኔ ግን ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር እስከ አፍንጫዬ ስቤያለሁ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ።

አንድ ሰው ቀረበኝ። ሆቴል እንዳለው ነገረኝ። አልፈልግም አልኩት። ሄደና ከሌላ ጋር ተመለሰ። ስቆም ይቆማሉ፣ ስሄድ ይሄዳሉ። መብራቱ ሥር ደርሼ ስዞር አንደኛው የቦርሳዬን ማንገቻ ይዟል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት ሳይቀር ታየኝ። መጮህ አቃተኝ። ከአፌ የወጣው "እመቤቴ!" ነው። ካኮረፍኩ ወዲህ ስሟን ስጠራ ያ መጀመሪያዬ ነው። ተከትሎም ሳላስበው ከልጅነቴ የማውቀው መጣ፦ "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" እዚያው ቆሜ ተሳልኩ፤ "ከዚህ አውጪኝ፣ ለደጅሽ ጥላ አገባለሁ" አልኩ።

"አንተ! ዞር በል ከልጅቷ!"

በአማርኛ ነው። ቀጥሎ በጣሊያንኛ አወረደችበት። አጠር ያለች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት የገበያ ፌስታሏን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ሰውዬው ማንገቻውን ለቀቀ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ነጠላሽን አይቼ ነው" አለችኝ። ማልቀስ እንጂ መልስ የለኝም።

"በይ ተይ የኔ ልጅ። የት ነው መሄጃሽ?"

"ቦሎኛ፣ እትዬ። ነገ ፈተና አለብኝ።"

ባዳንቴ (የአዛውንት ተንከባካቢ) ናት፤ አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች። እሑድ የዕረፍት ቀኗ ነው፤ 5 ሰዓት ሳይሞላ ቤት መግባት ነበረባት። ለአሮጊቷ ልጅ ደወለችና ልትዘገይ እንደሆነ ነገረችው፣ ተቆጣት መሰለኝ፣ ዘጋችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቲቡርቲና አውቶቡስ መነሻ በሜትሮ ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ ድምፅ ማጉያው "ቦሎኛ" አለ። ብድግ አልኩ። ለካ ሮም ውስጥ ቦሎኛ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ! እትዬ እስክታነባ ሳቀች፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ሾፌሩ ቦታ የለም አላት። የእህቴ ልጅ ናት ብላ ዋሸችልኝ (ፈጣሪ ይቅር ይበላት)። የለም አላት ደግሞ። መነሻው ሲደርስ አንድ ተሳፋሪ ቀረ። ትኬቱን ከፈለች፣ ፌስታሏ ውስጥ የነበረውን ድፎ ዳቦ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ። ክርስትና ስሟን ብቻ ነገረችኝ፦ ወለተ ሥላሴ። ስልኳን አልያዝኩም፣ የምጽፍበት አልነበረኝም።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ግን ተራራው ላይ በረዶ ጣለና መንገዱ ቆመ። 3 ሰዓት የሞላው አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ያኔ እንደገና አኮረፍኩ፤ "ለዚህ ነው ያወጣኸኝ?" አልኩት። አያፍርም ሰው።

ፈተናው ክፍል ስደርስ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ መምህሩ ከሌላ ከተማ በባቡር የሚመላለሱ ስለሆኑና በአድማው ስለተያዙ ስም የሚጠራው 9 ሰዓት ላይ ነው። ወረቀቱ ሥር ተቀመጥኩና ዳቦዬን በላሁ።

ስለ አፈር ጨዋማነት ከሀገርሽ ምሳሌ አምጪ አሉኝ። አሚባራን ነገርኳቸው፤ መካከለኛው አዋሽ ላይ ለጥጥ ውሃ ተለቅቆ ማንጣፈፊያ ስላልነበረ የከርሰ ምድሩ ውሃ እየወጣ፣ ውሃው እየተነነ፣ ጨዉ ከላይ እየቀረ መሬቱ እንዴት እንደተተወ። ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። "28፣ ትቀበያለሽ?" አሉኝ። እዚያ አልቀበልም ማለትም ይቻላል። ተቀበልኩ እንጂ!

ስለ አባቴ የጠየቅኩት እስካሁን መልስ አላገኘም፤ አንዳንድ ቀን አሁንም እጠይቀዋለሁ። ጥላውን ግን ለግንቦት ልደታ አስገብቻለሁ። ይህን የምታነቡ ወለተ ሥላሴን በጸሎታችሁ አስቡልኝ፤ ያቺንም ቱርካዊት እኅቴን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።