ግንቡን እንጂ መስጊዱን አላውቀውም ነበር

ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። ፋሲል ግቢ ስንት ጊዜ እንደገባሁ ቁጥሩን አላውቀውም። የአዲስ ዓለም መስጊድን አዛን በየቀኑ እሰማለሁ፤ ውስጡን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ከሩቅ የመጣች ዘመዴን ግንቡን ሳስጎበኛት «ሙስሊሞቹስ የት ነበር የሚኖሩት?» አለችኝ። «ታች፣ አዲስ ዓለም» አልኳት። ከዚያ በላይ የምነግራት አልነበረኝም። ነገሩ ከነከነኝ።

መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። የጁምዓ፣ የዓርቡ የጋራ ስግደት፣ ሰዓት መሆኑን አላሰብኩትም። ግቢው ሞልቶ ሰዉ ከበሩ ውጭ ሳይቀር ምንጣፍ አንጥፏል። ማንም ምንም አላለኝም። ሰው ሊሰግድ በመጣበት ሰዓት ግድግዳ ለማየት መገተር ግን ነውር መሰለኝና ተመለስኩ።

ከዚያ አብራኝ የተማረች የአዲስ ዓለም ልጅ ጓደኛዬን አማከርኩ። እናቷ (እትዬ ነው የምላቸው) ይህን ሲሰሙ «ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነይ። እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ስግደት፣ ሰው የለም። መስጊዱን የሚጠብቁት አጎቷ ናቸው፣ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ረጅም ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ ንጹሕ ካልሲ አደረግኩ። መስጊድ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈቅድለት ሰው ይፈልግ።

ከፒያሳ ቁልቁል በእግራችን ወረድን። ባጃጅ ያልያዝነው ሆን ብለን ነው። ሙስሊሞች ከግንቡ ምን ያህል እንዲርቁ እንደተደረገ በእግር ነው የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቤተ እስራኤልም ላይ እንዲሁ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና ሠላሳ ዓመት ቢያልፋት ነው። ርስት መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው የቀረለት ንግድና ሽመና ነበር። እነሱም በዚያው ጸኑ። ወደ ምጽዋና ወደ ስናር ሲራራ ነጋዴውን ይመሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የዚህ ሰፈር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጀመሪያ ያረፈው በዚሁ በሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። ወደ 3,000 ቤት እንደሚሆንም ገምቷል። ይህን ሳነብ የራሴ ከተማ ሌላ ከተማ ሆነችብኝ። ለቤተ መንግሥቱ ሰው የሐር ጨርቁ፣ ምንጣፉ፣ ሽቶው በማን እጅ ነበር የሚመጣው? አስጎብኚዎቻችን እንግዳውን ከግንቡ ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይወስዱታል። አዲስ ዓለምን የሚጨምር ብዙም አላየሁም። ይሄ ቅር ይለኛል።

አጎቷ በር ላይ ጠበቁን። «ሰላም ዐለይኩም አባባ» አልኩ። «ወዐለይኩም ሰላም የኔ ልጅ፣ ግቢ» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ በቀኝ እግሬ ገባሁ፤ ጓደኛዬ ናት ያሳየችኝ።

የጠበቅኩት ጌጥ ነበር። ያየሁት ሰፊ ባዶ ቤት ነው። ሥዕል የለም፣ ወንበር የለም። ምንጣፉ ላይ ያሉት መስመሮች ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቆምባቸው ሶፎች ናቸው። መጀመሪያ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ጥያቄውን ብዙም አልወደዱትም። «ግድግዳው ታድሷል፣ ጣሪያው ተቀይሯል። ይልቅ ወዴት እንደሚያይ ጠይቂኝ» አሉኝ።

እውነትም ከዚያ በኋላ ነው ቤቱ የገባኝ። እኔ ጸሎት ሲባል ወደ ምሥራቅ ነው የማውቀው። ጎንደር ላይ የሚሰግድ ሰው ግን ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ያዘነብላል። መካ በቀጥታ መስመር ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። «ውጭ ያለውን ግቢ አየሽው?» አሉኝ። አይቼዋለሁ፤ አንዱ ጥግ ሰፊ፣ ሌላው እንደ ሽብልቅ የጠበበ ነው። መሬቱ ተጣሞ የተሸነሸነ መስሎኝ ነበር። ለካ አጥሩ መንገዱን ይከተላል፣ ቤቱ ደግሞ ቂብላውን፣ የመካን አቅጣጫ። ሁለቱ ስላልገጠሙ ነው ያቺ ሽብልቅ የቀረችው።

ፊት ለፊት ኢማሙ ሲያሰግድ የሚቆምበት ሚህራብ አለ፤ ግድግዳው ውስጥ ጎድጎድ ያለ፣ ከላይ ቅስት ያለው፣ ሰው ቁመት የሚሆን። ከጎኑ ሚንበሩ፣ ኢማሙ ለጁምዓ ኹጥባ፣ ለስብከቱ፣ የሚወጣበት ደረጃ። «ኋላ ሂጂና ቁሚ» አሉኝ። የመጨረሻው ሶፍ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ሚህራቡ ውስጥ ገብተው ጀርባቸውን ሰጡኝና በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አሉ። ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ጥርት ብሎ ጆሮዬ ገባ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወጥተው ደገሙት። ያን ጊዜ ማጉረምረም ብቻ ነው የሰማሁት። ማይክ ሳይኖር ኢማሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያነብ ኋላ ያለው እንዲሰማው ያ ጎድጓዳ ቦታ ይረዳል። ደግመው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ሳይሰለቹ ሦስት ጊዜ አሳዩኝ።

ፎቶ ማንሳት ፈልጌ ነበር። አንድ ወጣት ገብቶ መስገድ ስለጀመረ ስልኬን መለስኩ። በፊቱ እንዳላልፍም ጓደኛዬ በክንዴ ያዘችኝ፤ በሰጋጅ ፊት አይታለፍም።

ስንወጣ እትዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። ሽማግሌውም መጡ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጠየቁኝ። ጣሪያው የመላእክት ፊት ነው የሚባለው እውነት እንደሆነ። እውነት ነው አልኳቸው። «እኔም እኮ ስሰማ ነው የኖርኩት እንጂ ገብቼ አላየሁትም» አሉ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።