የጠዋቱ ኬክና የከሰዓቱ ኬክ

የጠዋቱ ፈረቃ የሚጋግረው ኬክ ለስላሳ ነው፤ የከሰዓቱ ግን ደረቅ፣ አናቱ የተሰነጠቀ። አሠራሩ ያው፣ ኦቨኑ ያው፣ ዱቄቱም ከአንድ ጆንያ የሚቀዳ። ስለዚህ የከሰዓቱ ጋጋሪ ላይ ጣት ተቀሰረ። እሱ በበኩሉ ኦቨኑን ወነጀለ። ቴክኒሻን ተጠርቶ ሙቀቱን ለካና ደህና ነው ብሎ ሄደ። ቀጥሎ እንቁላሉ ተጠረጠረ፤ እሱም ነጻ ወጣ።

ሁለቱንም ጋጋሪዎች አንድ ላይ አገኘኋቸውና ሚዛን አቀረብኩ። «እትዬ፣ እንደ ሁልጊዜው አንድ ኩባያ ዱቄት ይስፈሩልኝ» አልኳቸው የጠዋቷን። ዱቄቱን በማንኪያ አላሉት፣ ኩባያው ውስጥ ጣል ጣል እያደረጉ ሞሉት፣ አናቱን በቢላዋ ጀርባ ላጩት። 122 ግራም። የከሰዓቱ ጋጋሪ ተራው ሲደርስ ኩባያውን ጆንያው ውስጥ ዘፍቆ አወጣና ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ሌላ ጨመረበት። 151 ግራም።

«ታዲያ ሞልቷል አይደል?» አለኝ ተቆጥቶ።

ሞልቷል። የእሳቸውም ሞልቶ ነበር። አሠራሩ «12 ኩባያ ዱቄት» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚሰፈር አይናገርም። በዱቄት ብናኞች መካከል አየር አለ፤ ሲጠቀጠቅ አየሩ ወጥቶ ቦታውን ሌላ ዱቄት ይይዘዋል። የ29 ግራሟ ልዩነት በ12 ኩባያ 348 ግራም ትሆናለች፤ በእትዬ አሰፋፈር ሦስት ኩባያ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ያን ያህል ትርፍ ዱቄት ይዞ ያልደረቀ ኬክ ቢገኝ ነበር የሚገርመኝ።

ወዲያው አሠራሩ ሁሉ ወደ ግራም ይቀየር ተባለና ሥራው ለአንድ የቢሮ ባልደረባ ተሰጠ። ልጁ ፈጣን ነው፤ አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሁሉንም በ240 አባዝቶ አመጣው። እትዬ ወረቀቱን ገና ሲያዩት «ዱቄቱ እጥፍ ሆኗል፤ ማሩ ደግሞ የት ሄደ?» አሉ። ሚሊ ሊትርና ግራም እኩል የሚሆኑት ለውሃ ነው፤ ወተትም ብዙ አይርቅም። በዚያው ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ፣ ዘይት 220 ገደማ፣ ማር 340 ገደማ ይመዝናል። ደግነቱ ሊጡ ከመቦካቱ በፊት ተያዘ።

ዱቄቱን በየትኛው ቁጥር እንጻፈው በሚለው ብዙ ተከራከርን። የመለወጫ ሰንጠረዦችም አይስማሙም፤ አንዱ ለአንድ ኩባያ 120 ሲል ሌላው 140 ይላል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን አሰፋፈር ይዘው። የኔ ሐሳብ ሰንጠረዡን ትተን የተወደደውን ኬክ እንመዝን የሚል ነበር። እትዬ ደጋግመው ሰፈሩ፣ እኔ መዘንኩ፤ አማካዩን ወስደን 1,460 ግራም ብለን ጻፍን።

የኩባያው መጠንም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአሜሪካው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ሜትሪክ የሚባለው 250፣ የጃፓኑ 200። ሁሉም ነገር በአንድ ኩባያ ቢሰፈር መጠኑ አብሮ ስለሚያድግ ችግር ባልነበረው፤ እንቁላል ግን በቁጥር ነው የሚገባው፣ ኩባያው ቢሰፋም እንቁላሉ አይጨምርም።

ለትናንሽ ትእዛዞች ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን እስካሁን በሻይ ማንኪያ ነው የምንሰፍረው። ሚዛናችን በ1 ግራም እየዘለለ ስለሚቆጥር 1.5 ግራም ጨው ብታስቀምጥበት 1ም ሊልህ ይችላል፣ 2ም። በ0.1 ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን እንዲገዛ ጠይቀናል። እስከዚያው ጨዉ ደቃቁ እንዲሆን ማንኪያው ላይ ጽፈናል፤ የደቃቁ አንድ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሻካራው ግን ከዚያ ያነሰ ነው የሚመዝነው።